ትንሽ ውሻ ያላችሁ፣ ሲንቀጠቀጥ ተፈጥሮው ነው ብላችሁ አትለፉት (ከ26 መልሶች የተሰበሰበ)

ጥያቄውን ያነሳችው ካዛንቺስ አካባቢ ፎቅ ላይ የምትኖር ልጅ ናት። ነጭ፣ ጸጉራም፣ ሦስት ኪሎ እንኳ የማትሞላ ውሻ አለቻት። ውሻዋ ትንቀጠቀጣለች። ጠዋት ከተኛችበት ስትነሳ፣ ማታ ደግሞ ደረጃ ወጥተው ቤት ሲገቡ። ሹራብ አልብሳታለች፣ ጋቢ ደርባላታለች፣ ለውጥ የለም። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ዘበኛው ሳይቀር የፈረንጅ ውሻ ተፈጥሮው ነው፣ አትጨነቂ ይላታል። ልጅቷ ግን አልተዋጠላትም። ለምን ትንቀጠቀጣለች፣ እኔስ ምን ላድርግላት ብላ ጠየቀች።

ደግ አደረገች። ተፈጥሮው ነው እየተባለ ስንት ውሻ ሳይታከም ቀርቷል። መልሶቹ ብዙ ናቸው። የሚጠቅም አለ፣ የሚያናድድ አለ፣ ከጉዳዩ ወጥቶ የሄደም አለ። በቁጥራቸው እየሄድኩ ልንገራችሁ።

መልስ 1፦ የአራት ኪሎ ሰው ነው፣ ትሕትና ያለው። ብርድ ነው ብሎ ጀመረ፣ ምክንያቱንም አስረዳ። ሙቀት የሚወጣው በቆዳ ነው፤ ትንሽ እንስሳ ደግሞ ለክብደቱ ሲታይ ቆዳው ሰፊ ነው። የሲኒው ቡና ከጀበናው ቀድሞ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 ዲግሪ በላይ ነው፣ ከኛ ይበልጣል። ያንን ለመጠበቅ ጡንቻው ይንዘፈዘፋል፣ መንዘፍዘፉ ራሱ ሙቀት ይሰጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቤታችን ማሞቂያ የለውም፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ሰውየው ሹራቡን አልነቀፈም። ግን ሹራቡ ከላይ ነው፣ ቅዝቃዜው የሚገባት ከታች ነው አለ። ፍራሽ ቆርጠሽ ከወለሉ ከፍ አድርገሽ አንጥፊላት፣ ከበርና ከመስኮት ንፋስ አርቂያት፣ ካጠብሻት በኋላ ደህና አድርገሽ ሳታደርቂያት አትልቀቂያት ብሎ መከራት።

መልስ 2፦ አጭር ግን ቁም ነገር ያላት ጭማሪ ናት። አዲስ የተወለደ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥ ራሱ አይችልም። ስለዚህ አልተንቀጠቀጠም ማለት አልበረደውም ማለት አይደለም። እናቱ ከሌለች ሃይላንድ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቡ ማስቀመጥ ነው። የፈላ ውሃ ግን ያቃጥለዋል። ሲሞቀው ፈቀቅ የሚልበት ቦታም ይኑረው አለች።

መልስ 3 ላይ ነገሩ ከረረ። አንዱ መጣና ሰው የሚበላው አጥቶ ለውሻ ሹራብ ይገዛል ወይ አለ። በዚህ ከተማ ብርድ ላይ የሚያድር ሕፃን እያለ የውሻ መንቀጥቀጥ መወያያ መሆኑ ያሳፍራል አለ። መልስ 4 ስድብ ነው፣ እዚህ አልደግመውም። በመልስ 5 አንድ የገዳም ሰፈር አባት ገቡና ሁለቱንም ገሠጹ። ለሕፃን ማዘን ለእንስሳ ከማዘን ጋር አይጣላም አሉ። እንስሳ ቤቱ አስገብቶ በር የዘጋ ሰው አደራ አለበት፣ ውሻው ራሱ ወጥቶ ሐኪም ቤት አይሄድም አሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሰውየው ያነሳው ሕፃን እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። የልጅቷ ውሻ ታማ ብትቀር ግን ለዚያ ሕፃን የሚተርፈው ነገር የለም።

መልስ 6፦ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ጸሐፊው የእንስሳት ሐኪም ነው። ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተመርቆ አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ይሠራል። መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠየቀ። የምትንቀጠቀጠው ሙሉ ሰውነቷ ነው ወይስ አንድ ቦታ ብቻ? መቼ ይጀምራታል? ከመጀመሩ በፊት ምን እያደረገች ነበር? ስትጠሪያት ዞር ብላ ታይሻለች? ምግብ ስታሳዪያት ይቆማል? ትበላለች? ክትባቷስ? ከዚያ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪያት አላት፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ብዙ ውሾች መንቀጥቀጡን ያቆማሉ ወይም ከፍርሃት የተነሳ ሌላ ዓይነት ይጀምራቸዋል።

አንድ ነገር አጥብቆ ለየ። የሚንቀጠቀጥ ውሻ ያውቅሻል፣ ይሰማሻል፣ ይራመዳል። በሚጥል በሽታ የተያዘ ውሻ ግን ወድቆ እግሩን ያራግፋል፣ አይሰማም፣ ሽንቱ ያመልጠዋል። ያን ጊዜ አፉ ውስጥ እጅ አይገባም። ራሱን እንዳይመታ ዙሪያውን ማጽዳት፣ ሰዓት መያዝ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። በትንሽ ውሻ ላይ መንቀጥቀጥ ብርድ፣ ፍርሃት፣ ደስታ፣ ረሃብ፣ ሕመም፣ መርዝ፣ የነርቭ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ከሩቅ ሲታይ አንድ ይመስላል አለ። ሳይመረምር መድኃኒት አልጠራም። እምነቴን ያገኘው በዚህ ነው።

መልስ 7፦ የፒያሳ እናት ናቸው። ለልጃቸው መንገድ ዳር ከሚሸጡት ቡችላ ገዙ፤ ገና ከጡት ያልጠገበ፣ መዳፍ የሚያክል። በማግስቱ ጠዋት መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፣ ከዚያ ተዘረረ። ብርድ መስሏቸው በብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ጎረቤታቸው ደርሳ ድዱ ላይ ማር ቀባችለት፣ ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። ሐኪሙ በኋላ እንደነገራቸው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ነው። ትንሽ ዘር ቡችላ በጉበቱ የሚያስቀምጠው ስንቅ ጥቂት ነው። አንድ ሌሊት ሳይበላ ካደረ፣ ከበረደውና ከተጨነቀ ያልቅበታል። አሁን በቀን አራትና አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ያበሉታል፣ ማታ ሳይበላ አይተኛም።

መልስ 8 ማሩን አልተቃወመም፣ አቀባቡን ግን አስተካከለ። ራሱን የሳተ ቡችላ አፍ ውስጥ ማርም ስኳር ውሃም አይንቆረቆርም፣ ሳንባው ይገባል። በጣት ነክቶ ድድ ላይ ማሸት ብቻ ነው። ሲነቃ ምግብ፣ ከዚያ ሐኪም። ማሩ ጊዜ ይገዛል እንጂ ሕክምና አይደለም።

መልስ 9 ከዚህ ተነስቶ ጾም ውስጥ ገባ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቤቱ ሲጾም ውሻውም እንጀራ በሽሮ ብቻ እየበላ ይከርማል፣ ቡችላ ግን በዚህ አያድግም አለ። ሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል እንደሚጎዳም ጨመረ። ይህኛው ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን ጾሙን የሚነቅፍ ስለመሰለ የተቆጡ ሰዎች መጡበት። የገዳም ሰፈሩ አባት ተመልሰው ውሻ ጹም አልተባለም፣ እንቁላል ቀቅሎ መስጠት የማንንም ጾም አይገድፍም ብለው አበረዱት።

ከ10 እስከ 12 ያሉት ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ትንሽ ውሻ ሉሉን አነሳ። ቺዋዋ የተባለው ትንሽ ዘር የሆነው ሉሉ ሴት ነበረች፣ ወንድ ነበር በሚል ሁለት ሰዎች ተከራከሩ። ሌላው ያን የሚያክል ውሻ ያንን ሁሉ ጉዞ ንጉሡን ተከትሎ እንዴት ቻለው ብሎ ተገረመ። ከዚያ ስለ ቤት ኪራይ ሆነ። ውሻ ካለህ አከራይ ፊቱን ያዞርብሃል የሚለው ምሬት ብዙ ሰው ነካ። አንዷ ከፒያሳ ለኮሪደር ልማት ተነስተው ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ውሻቸው አዲሱ ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ ለሳምንታት እንደተንቀጠቀጠ ጻፈች። የረዳው አሮጌው ምንጣፉ ነው። ጽዳት ፈልጋ ልትጥለው ነበር፣ እናቷ ከለከሏት። የለመደውን ሽታ የያዘ ምንጣፍና በለመደው ሰዓት የሚመጣ ምግብ ቀስ በቀስ መለሱት። ከጉዳዩ የወጣ የመሰለው ይህ ነገር ለኔ ከጠቃሚዎቹ አንዱ ነው።

መልስ 13 ይህንኑ ይዞ ስለ ፍርሃት ጻፈ። በዚህ ከተማ ድምፅ በሽ ነው። ክረምት ላይ ነጎድጓድና ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ። ነሐሴ 13 ለቡሄ የሚጮኸው ጅራፍ። ለአዲስ ዓመት ርችት። ለመስቀል የደመራው ሆታ። የካቲት 23 ለዓድዋ የሚተኮሰው መድፍ። ከዚያ የመንገድ ሥራው ማሽን አለ፣ እሱ ደግሞ በዓል አይጠብቅም። የፈራ ውሻ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ይከታል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ሳይሞቀው ያለከልካል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል። ጸሐፊው ለውሻው አልጋ ሥር ጋቢ አንጥፎ መደበቂያ ሠርቶለታል። በዕለቱ መጋረጃ ይዘጋል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ሽርሽሩን ማለዳ ያደርሳል፣ የአንገት ማሰሪያውንም ይፈትሻል። የደነገጠ ውሻ በር ከተከፈተለት ወጥቶ ይጠፋልና። ከተደበቀበት ጎትቶ አያወጣውም።

መልስ 14 ይህን ተቃወመ። ሲፈራ ካቀፍከው ፍርሃቱን ታለምደዋለህ፣ ዝም ብለህ ተወው አለ። ብዙ ሰው የሚያምነው ይህንን ነው፣ እኔንም ያናደደኝ ይኸው ነው። ሐኪሙ በመልስ 15 ተመልሶ ፍርሃት ሽልማት ተሰጥቶት የሚበረታ ሥራ አይደለም አለ። ወደ አንተ የመጣ ውሻ ተረጋግቶ አጠገብህ ቢተኛ፣ ብታሻሸው፣ ምንም አይበላሽም። የሚበላሸው ብትጮህበት ወይም ብትመታው ነው፤ ያን ጊዜ ከጅራፉ ሌላ አንተንም መፍራት ይጀምራል። ልምምዱን ግን ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድሞ መጀመር ነው። የጅራፍ ድምፅ ስልክ ላይ ቀድቶ፣ እምብዛም በማይሰማ መጠን እያጫወቱ የሚወደውን ሥጋ ቁራሽ ቁራሽ መስጠት። ካልተጨነቀ በቀናት ውስጥ ጥቂት ከፍ ማድረግ፣ ከተጨነቀ ዝቅ ማድረግ። ምንም ለማይለቀው ሐኪም የሚያዝዘው የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ፣ ይህም አያሳፍርም አለ።

መልስ 16 ቶሎ መነበብ ያለበት ነው። ሰውየው ለውሻው ቁንጫ መድኃኒት ሲጠይቅ የሸጡለት ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን ነው። መጠኑን የነገረው የለም። ቀባው። ውሻው ብዙም ሳይቆይ ለሃጩን አዝረበረበ፣ ዓይኑ አለቀሰ፣ አስመለሰው፣ ከዚያ ሰውነቱ በሙሉ ተንዘፈዘፈ። ቤተሰቡ ወተት ካላጠጣን ብሎ ግብግብ ገጠመ። እህቱ ከለከለች፣ በጓንት ይዛ በሳሙናና በውሃ አጠበችው፣ ጠርሙሱን ይዘው ሐኪም ዘንድ ሮጡ። ለዚህ መርዝ ሐኪሙ የሚወጋው አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ውሻው ተረፈ። ወተቱን በተመለከተ የመልስ 6 ሐኪም በስሩ አንድ መስመር ጻፈ። ወተት መርዙን አያጠፋም፣ የሚንዘፈዘፍን ውሻ ግን ትን ሊያሰኘው ይችላል። ለከብት የተሠራ መድኃኒት በኪሎ ተሰልቶ ካልተነገራችሁ ለትንሽ ውሻ አትንኩት። ይህን የምለው እኔ ነኝ።

መልስ 17 ቡናን ጨመረ። ከረከቦት ሥር የተደፋ አተላ ወይም የተቆላ ፍሬ ትንሽ ውሻን ያንቀጠቅጣል፣ ልቡን ያስሮጣል፤ ቸኮሌትም እንዲሁ። ቡና በሚፈላበት ቤት ማንም የማያስበው ነገር ነው።

መልስ 18 ብዙ ሰው አስደነገጠ። የሚንቀጠቀጥ ውሻ ያበደ ነው፣ ሳይነክስ አስወግጂው አላት። ልጅቷ ምን ያህል እንደደነገጠች ከአጻጻፏ ያስታውቃል። መልስ 19 ስለታም ነበር፣ መሆንም ነበረበት። መንቀጥቀጥ ብቻውን የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት አይደለም። ባሕርዩ በድንገት የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ለሃጩ የሚንጠባጠብ፣ መንጋጋው ወይም እግሩ የሰለለ፣ በተለይ ያልተከተበ ውሻ ከሆነ አይነካም፣ ባለሙያ ይጠራል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሄዳል። ይህ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ አይድንም፤ ስለዚህ በወሬ ሳይሆን በክትባት ነው የሚመከተው። ትንሽም ሆነ፣ ከቤት ባይወጣም፣ ክትባቱ አይቀርም። 19ኛው ያልተከተቡ ቡችሎችን የሚይዘው ዲስቴምፐር የተባለው በሽታም ጡንቻ እንደሚያርገበግብ ጨምሯል።

መልስ 20 ከልደታ ነው። ትንሿ ውሻቸው አራት ወልዳ በሦስተኛው ሳምንት እረፍት አጣች፣ አለከለከች፣ ከዚያ እግሮቿ እንደ እንጨት ደርቀው ተንቀጠቀጠች። ወተቱ ካልሲየሟን ጨርሶባት ነው። ሐኪሙ በደም ሥሯ ቀስ አድርጎ ካልሲየም ሰጣት፣ ቡችሎቹ ከጡት ተለይተው በጡጦ አደጉ። የምታጠባ ትንሽ ውሻ ስትንቀጠቀጥ ነገ ይነጋል አይባልም። አንዲት ሴት ታዲያ እርጉዝ ሳለች ካልሲየም ኪኒን መስጠት ነዋ ብላ መለሰች። የመልስ 6 ሐኪም አይሆንም አለ። በእርግዝና ጊዜ ያለ ምክንያት የሚሰጥ ካልሲየም ሰውነቷ ከአጥንቷ ማውጣቱን እንዲተው ያደርጋል፤ ከወለደች በኋላ ይብስባታል። በእርግዝናዋ መጨረሻና ስታጠባ የቡችላ ምግብ ማብላት ነው ያለው።

መልስ 21 አንድ ትልቅ ነገር አነሳ። ነጭ ትንንሽ ውሾች ላይ፣ ማልቲዝና ዌስቲ ላይ በብዛት የታየ፣ ሙሉ ሰውነት የሚያንቀጠቅጥ በሽታ አለ፤ በወጣትነታቸው ይጀምራል። ሌላ ቀለም ያለውንም ይይዛል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ያሽለዋል። እስከዚህ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን ከፋርማሲ ገዝተሽ ጀምሪላት አላት። መልስ 22 ላይ ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። መንቀጥቀጡ ከኢንፌክሽን ከሆነ ያ መድኃኒት ያባብሰዋል፣ ረዘም ላለ ጊዜ የተወሰደ ከሆነም በድንገት አይቋረጥም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ለሰው የተሠሩ ናቸው፤ የሦስት ኪሎ ውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ አለ። የሰው መድኃኒት ቤት እንዲህ ቅርብ በሆነበት መሃል ከተማ ይህ ቁጣ በቦታው ነው።

በመልስ 23 ልጅቷ ራሷ ተመለሰች። የተባለችውን አድርጋለች። ቪዲዮ ቀርጻለች፣ ሰዓቱን ጽፋለች። አሁን በደንብ ስታይ የሚንቀጠቀጡት የኋላ እግሮቿ ብቻ ናቸው። ጠዋት ከተኛችበት ስትነሳ፣ ማታ ደግሞ ደረጃውን እንደጨረሱ። ምግብ ስታሳያት ትመጣለች ግን አይቆምም። አንዳንዴ ግራ የኋላ እግሯን አንስታ በሦስት እግር እንጣጥ እንጣጥ ትልና መልሳ ትረግጥበታለች።

መልስ 24 ሐኪሙ ነው። ይህ ብርድ አይመስልም አለ። የጉልበት ሎሚዋ ከቦታው እየወጣ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል፤ ትንንሽ ውሾች ላይ በጣም የተለመደ ነው። የሚያም ወይም የደከመ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። በእጅ ዳስሶ የሚያይላት ሰው ዘንድ ውሰጃት፣ እስከዚያ ደረጃውን ተሸክመሽ አውጫት። መልስ 25 ላይ ያ መልስ 3ን የጻፈው፣ በሹራቡ የተቆጣው ሰው ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን የእናቱ ውሻ እግሯን እንደዚያው እንደምታነሳ ጽፎ እሷስ ትታከማለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ዕድሜዋ 12 ነው። ሐኪሙ ያረጀ ውሻ የኋላ እግሩ ከጡንቻ መሟሸሽ ብቻም እንደሚንቀጠቀጥ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ግን ማስታገሻ እንዳለው ነግሮ ይዘሃት ና አለው።

መልስ 26፦ ልጅቷ ከምርመራው በኋላ ጻፈች። ግራው ጉልበት ነው። ገና መካከለኛ ደረጃ ላይ ስለሆነ ለጊዜው ቀዶ ጥገና አላስፈለጋትም፤ እየባሰ ከሄደ ግን ይቀራል አይባልም። ሴራሚኩ ላይ እንዳትንሸራተት ከአልጋዋ እስከ ምግቧ ምንጣፍ ዘርግታለች፣ ከሶፋ መዝለል ተከልክላለች፣ ደረጃው በእቅፍ ሆኗል። ክብደቷ እንዳይጨምር ከቁርስ ላይ የሚጣልላት ዳቦ ቀርቷል። ሐኪሙ ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ ለተወሰነ ጊዜ አዞላታል። ጠዋት ጠዋት አሁንም ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ እግሯን ማንሳቱ ግን ቀንሷል። ከወር በኋላ ተመልሰው ይታያሉ።